ለጦር የሚወጣ ገንዘብ አገርን ያበለጽጋልን?

በየገበያውና በየሻይ ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ አሳብ አለ። አሳቡም «መንግሥት ለጦር የሚያወጣው ገንዘብ የትም አይሄድም፤ ተመልሶ ሕዝቡ ውስጥ ይገባል። ወታደሩ ይገዛል፣ ነጋዴው ይሸጣል፣ ፋብሪካው ያመርታል፤ ስለዚህ ጦር አገር ከመጠበቁ ሌላ ኤኮኖሚውን ያነቃቃል» የሚል ነው። ይህ አባባል በእኛ አገር ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በአሜሪካና በአውሮፓም ታላላቅ ሊቃውንት ሳይቀሩ ጽፈውበታል። እኔም በክፍል ውስጥ የተማርነውን የኤኮኖሚ ትምህርት ከአካባቢያችን ከምዕራብ ጎጃም ኑሮ ጋር እያስተያየሁ፣ ይህ አሳብ እስከ ምን ድረስ እውነት እንደሆነና የት ላይ እንደሚሰበር ለክፍል ጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ጦር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ የኢጣልያ ጦር ቡሬ ላይ መሽጎ ነበር። ምሽጉን የለቀቀውም አርበኞችና በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የተመራው ጦር ስላስጨነቁት ነው እንጂ በልመና አይደለም። የከተማችን የፍኖተ ሰላም ስምም ከዚያው ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። አገር መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም መከፈል ያለበት ጊዜ አለ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ዋጋ «ትርፍ» ተብሎ ሊጠራ ይገባዋልን?

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። በጃቢ ጠህናን ወረዳ የብር ወንዝ የሚያልፍበት ለም ሜዳ አለ። በዚያ አካባቢ ሰፊ የእርሻ ልማት ይገኛል፤ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀው የብር ሸለቆ የውትድርና ማሠልጠኛም የሚገኘው በዚያው ነው። (ወንዙ «ብር» መባሉ ስለ ገንዘብ ለሚጽፍ ሰው መልካም አጋጣሚ ነው።) በሺህ የሚቆጠር ምልምል በአንድ ቦታ ሲሰፍር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይለብሳል። ጤፍና በቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ፣ የማገዶ እንጨትና ሳሙና ይፈለጋል። ጭነት መኪና ያለው ሥራ ያገኛል፤ ምግብ ቤት ያለው ይሸጣል፤ አልጋ የሚያከራየውም እንግዳ አያጣም። ደመወዙን የተቀበለ ወታደር ገበያ ሲወጣ ሻጩ ደስ ይለዋል። ይህን መካድ ዐይን ያየውን መካድ ነው።

ዳሩ ግን ዐይን ከሚያየው ጋር ዐይን የማያየውም አለ። ይህን ከሁሉ በተሻለ ያስረዳው ፍሬዴሪክ ባስቲያ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ነው፤ የጻፈውም እ.ኤ.አ. በ1850 ነው። እርሱ የተሰበረ የመስኮት መስተዋትን ምሳሌ አድርጎ ነበር፤ እኔ ግን ለአገራችን እንዲስማማ ሞፈር ላድርገው። አንድ ልጅ ሲጫወት የአባቱን ሞፈር ሰበረ እንበል። አባት ወደ አናጢ ሄዶ 500 ብር ከፍሎ አዲስ ሞፈር አሠራ። ጎረቤት መጥቶ «ግድ የለም፤ ልጁ ባይሰብረው ኖሮ አናጢው ምን ይበላ ነበር? ገንዘብም ተንቀሳቀሰ» ቢለው አባትየው ምን ይመልሳል? ሞፈሩ ባይሰበር ኖሮ በዚያው 500 ብር ዶማ ያስገዛ ወይም ለልጁ ደብተር ይገዛ ነበር። ያን ጊዜ ሞፈርም ዶማም ይኖረው ነበር፤ አሁን ግን ያለው ሞፈር ብቻ ነው። አናጢው ሲያተርፍ ይታያል፤ ዶማውን ሳይሸጥ የቀረው ቀጥቃጭ ግን አይታይም፤ ሊሸጥ እንደነበረ እርሱ ራሱ እንኳ አያውቅምና።

ባስቲያ በዚያው ጽሑፉ ስለ ወታደርም ተናግሯል። በዘመኑ አንዳንድ የፈረንሳይ ሰዎች 100,000 ወታደር ቢሰናበት ነጋዴው ገበያ ያጣል ብለው ይከራከሩ ነበር። እርሱም፣ ለአገር ደኅንነት እነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጉ ከሆነ ይቆዩ፤ የሚቆዩት ግን ለነጋዴው ገበያ ሲባል ከሆነ ለምን መላውን ሕዝብ ወታደር አናደርግም ሲል ጠየቀ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ጥሩ መልስ ያገኘ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ብር ሸለቆው ወታደር ደመወዝ እንመለስና ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ እንጠይቅ። መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ ጥቂት ነው። አንደኛው ግብር ነው። የቡሬው ነጋዴ 1,000 ብር ግብር ከፍሎ ወታደሩ ያንኑ 1,000 ብር መልሶ ከሱቁ ቢገዛበት፣ ነጋዴው በራሱ ገንዘብ የራሱን ዕቃ እንደ ሸጠ መቁጠር አለበት። የተሸጠለት መስሎታል፤ በእውነቱ ግን ዕቃው ሄዷል፣ ገንዘቡም መጀመሪያ የነበረው ነው። ለዕቃው በምትኩ ያገኘው ጥበቃ ነው። ጥበቃው የሚያስፈልገው ከሆነ መልካም ግዢ ነው፤ ካላስፈለገው ግን ዕቃውን በነጻ ሰጥቷል ማለት ነው።

በጎጃም ታሪክ ውስጥ ይህ ነገር እስከ መጨረሻው የተሄደበት ጊዜ አለ። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ባወጣ ጊዜ የጎጃም ባላገር፣ ይልቁንም የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ሰው፣ ርስቱ በቀላድ ተለክቶ ከእጁ የሚወጣበት ስለ መሰለው አልከፍልም ብሎ ሸፈተ። መንግሥትም ጦር አዘመተበት፤ አየር ኃይል ሳይቀር ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥፍራቸው ተነሡ፤ የቆየው ውዝፍ ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ግብር የሚሰበሰበው ጦር ለማቆም ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጦር የወጣው ግብር ለመሰብሰብ ነበር፤ ግብሩም አልተሰበሰበም። ቤቱ የፈረሰበት፣ እህሉ የተቃጠለበት ባላገር በዚያ ዓመት «ኤኮኖሚው ተነቃቃ» ቢሉት የሚሰማ አይመስለኝም።

ሁለተኛው የገንዘብ መንገድ ከማዕከላዊው ባንክ መበደር፣ ማለት አዲስ ገንዘብ ማሳተም ነው። ይህ በክፍል ውስጥ ስንማረው ለብዙዎቻችን ግራ የሚያጋባን ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ብዙዎች «መንግሥት ገንዘብ ካሳተመ ማንንም አልነካም» ይላሉ። ነገር ግን ገንዘብ ሲታተም በቆሎ አይታተምም። በገበያው ውስጥ 100 ኩንታል በቆሎ ቢኖርና የገዢው ገንዘብ እጥፍ ቢሆን በቆሎው 200 ኩንታል አይሆንም፤ ዋጋው ይወደዳል እንጂ። አዲሱን ገንዘብ አስቀድሞ የያዘው የበቆሎውን ድርሻ ይወስዳል፤ በኋላ የመጣው፣ ማለትም የቀን ሠራተኛው፣ መምህሩና ጡረተኛው፣ የቀረውን ይሻማል።

የዕድሜ ባለጸጎች የደርግን ዘመን ኮታ ያስታውሳሉ። በዚያ ዘመን የሠራዊቱ ቁጥር በ1966 ዓ.ም. ከነበረው ከአርባ ሺህ ገደማ ተነሥቶ ከ300 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ያንን ሠራዊትና የከተማውን ሕዝብ ለመቀለብ የገበሬ ማኅበራት በተወሰነ ኮታ፣ በተቈረጠ ርካሽ ዋጋ፣ እህላቸውን ለመንግሥት የእህል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር። ጎጃም እህል የሚተርፈው አገር ስለሆነ ሸክሙ ከበደው። ኮታው እስከ 1982 ዓ.ም. የኤኮኖሚ ለውጥ ድረስ ቆየ። ያ አሠራር መጥፎ ነበር፤ ሆኖም አንድ ግልጽነት ነበረው። ገበሬው ስንት ኩንታል እንደ ተወሰደበት፣ ማን እንደ ወሰደበት ያውቃል። በታተመ ገንዘብ የሚመጣው የዋጋ ንረት ግን ያንኑ እህል ሲወስድ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ማን እንደ ወሰደውም ስለማይታወቅ ሰው ሁሉ ነጋዴውን ይረግማል።

በቅርቡ ካየነው ደግሞ እንመልከት። በሰሜኑ አገራችን ጦርነት በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ተነሥቶ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ስምምነት ቆመ። የ2014 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት በጀት መጀመሪያ 561.7 ቢሊዮን ብር ሲሆን ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ብር ነበር። በዓመቱ አጋማሽ ላይ የ122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፤ ከዚህ ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። በ2015 በጀት ዓመትም ከ786.6 ቢሊዮን ብር ላይ 84 ቢሊዮን ለመከላከያ ተመደበ። የጦር ወጪ ኤኮኖሚን የሚያነቃቃ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለት ዓመታት የብልጽግና ዓመታት መሆን ነበረባቸው። እኛ የምናስታውሰው ግን በዓመት ከመቶ 30 በላይ የወጣውን የዋጋ ንረት ነው። በእርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የጦርነቱ አይደለም፤ ድርቅ ነበር፣ የኮሮና በሽታ ነበር፣ የዩክሬን ጦርነትም ስንዴና ነዳጅ አስወድዷል። ነገር ግን የተጨመረው ገንዘብ አንዲት ኩንታል ምርት ሳይጨምር ወደ ገበያ መግባቱ ንረቱን እንዳባባሰው መገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የከፋ ሆኖ ይታየኛል፤ ይኸውም የውጭ ምንዛሪ ነው። የጦር ወጪ አገር ያነቃቃል የሚሉት ሊቃውንት አብዛኞቹ የጻፉት ጠመንጃውንም አውሮፕላኑንም ራሳቸው ለሚሠሩ አገሮች ነው። እነርሱ ለአውሮፕላን የከፈሉት ገንዘብ በራሳቸው ፋብሪካ ለራሳቸው ሠራተኛ ይከፈላል። እኛ ግን ዋናውን መሣሪያ የምንገዛው ከውጭ ነው። ከቱርክ ላኪዎች የተገኘው መረጃ እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2021 ከጥር እስከ ኅዳር ድረስ ቱርክ ለኢትዮጵያ የሸጠችው የመከላከያና የአቪየሽን ዕቃ 94.6 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በዚሁ ጊዜ 235 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። ይህ ገንዘብ ማንን አነቃቃ ቢባል የቱርክን ፋብሪካ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገራችን የዩሮ ቦንድ ዕዳዋን ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር በጊዜው ሳትከፍል መቅረቷን ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የጠፋው 33 ሚሊዮን ነው፤ ለጦር ዕቃ የወጣው በ11 ወር 94 ሚሊዮን ነው።

ዶላር ለጎጃም ገበሬ ምን ይሠራለታል የሚል ቢኖር መልሱ ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያችን በጅቡቲ በኩል የሚመጣ፣ በዶላር የሚገዛ ነው። የጃቢ ጠህናንና የቡሬ መሬት በቆሎ የሚሰጠው በማዳበሪያ እንደሆነ ወላጆቻችን ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። በ2015 ዓ.ም. መዝሪያ ሰሞን ማዳበሪያ ጠፍቶ ከየወረዳው ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት እስከ ማለት ደርሰዋል። በቡሬ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት ዐቅም አለው። በከተማዋ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተሠርቷል። እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ ከውጭ ለማስገባት ዶላር ይጠብቃሉ። በአገሪቱ የዘይት ፋብሪካዎች በምንዛሪና በጥሬ ዕቃ እጥረት ከዐቅማቸው በታች ሲሠሩ መቈየታቸው በየጊዜው ተነግሯል። እንግዲህ አንድ ዶላር ለድሮንና ለማዳበሪያ በአንድ ጊዜ አይሆንም። ማዳበሪያው በመስከረም እሸት ይሆናል፤ ድሮኑ ግን ከተተኰሰ በኋላ ሌላ ዶላር ይጠይቃል።

አሁን የተቃራኒውን ወገን ክርክር በሚገባ መስማት ተገቢ ነው። የእነርሱ ዋና ማስረጃ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ከመቶ ሠራተኛ 14 ያህሉ ሥራ ፈት ነበር፤ በ1944 ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር። በመካከሉ የመጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ኬይንስም ገና በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ጊዜ ፒራሚድ መሥራትም ሆነ ጦርነት እንኳ ሀብት ሊጨምር እንደሚችል በምጸት መልክ ጽፎ ነበር። ይህ ቀላል ማስረጃ አይደለም።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ሥራ ፈትነት የጠፋው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ ጦር ስለ ገባ ጭምር ነው። በዚያው ጊዜ ሕዝቡ ስኳርና ሥጋ፣ ቤንዚንና ጎማ በካርድ ይታደለው ነበር፤ ከ1942 መጀመሪያ ጀምሮም ለሕዝብ የሚሸጥ የቤት መኪና መሥራት ቀርቶ ነበር። ሥራ ነበረ፤ በገንዘቡ የሚገዛ ዕቃ ግን ጥቂት ነበር። ጦርነቱ አልቆ የጦር ወጪ በሁለት ዓመት ውስጥ እጅግ ሲቀነስ ደግሞ ብዙ ሊቃውንት የፈሩት ታላቅ ችግር አልመጣም፤ ፋብሪካዎቹ ወደ መኪናና ወደ ማቀዝቀዣ ሥራ ተመለሱ። ሁለተኛ፣ ጦርነት የጠቀመው ቢሆን እንኳ ከሌላው ወጪ ይልቅ የጠቀመ ለመሆኑ ማስረጃ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት 1 ቢሊዮን ዶላር ለጦር ሲወጣ 11,200 ያህል ሥራ፣ ለትምህርት ሲወጣ ግን 26,700 ያህል ሥራ እንደሚፈጥር አስልቷል። ጄኔራል አይዘንሃወር ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ በ1953 ባደረጉት ንግግር አንድ ዘመናዊ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከ30 በላይ በሆኑ ከተሞች አንዳንድ የጡብ ትምህርት ቤት የሚያሠራ ዋጋ እንዳለው ተናግረዋል። ይህን የተናገሩት ሰው መነኩሴ አይደሉም፤ የኖርማንዲን ዘመቻ የመሩ የጦር አዛዥ ናቸው።

«እኛም ዘንድ ሥራ ፈት ሞልቷል፤ ታዲያ የኬይንስ ነገር ለምን አይሠራልንም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ያለ ሥራ የተቀመጠ ወጣት በፍኖተ ሰላምም በቡሬም አለ፤ ከመካከላችንም ብዙዎቻችን ነገ የምንሆነው ይኸው ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ችግር ሌላ ነበር፤ ፋብሪካው ተሠርቶ፣ ማሽኑ ተተክሎ፣ ገዢ ጠፍቶ ቆሞ ነበር። ገዢ ሲመጣ ቁልፉን መጫን ብቻ በቂ ነበር። በእኛ አገር ገዢ አልጠፋም፤ ዘይት ቢገኝ ሰልፍ የሚይዝ ሕዝብ አለ። የጠፋው ማሽኑ፣ ማዳበሪያው፣ መብራቱና ዶላሩ ነው። ወጣቱን ወታደር አድርጎ ደመወዝ መክፈል ገዢ ይጨምራል፤ የጠፋውን ነገር ግን አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሰዋል። ስለዚህ የሚጨምረው ዋጋው ብቻ ነው።

ሌላም ክርክር አለ፤ ጦር ኢንዱስትሪ ያስተምራል የሚል። ይህ በአገራችን የቆየ ምኞት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሰዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተዋል። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ በብዙ ሰው ጉልበት፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ ድረስ ተጎተተ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ ሲወድቁ የጋፋት ሥራም አብሮ አበቃ። ምኞታቸውን አከብራለሁ፤ ከዚያ እቶን ግን ለገበሬው የተረፈ የማረሻ ፋብሪካ የለም።

በእኛ ዘመን የተሞከረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ወይም ሜቴክ ነው። በ2002 ዓ.ም. የመከላከያ ፋብሪካዎች ተሰባስበው ሲቋቋም ዓላማው መልካም ይመስል ነበር፤ የጦር ፋብሪካዎች የሲቪሉንም ኢንዱስትሪ ይጎትቱታል ተባለ። ለአባይ ግድብ የተርባይንና የብረት ሥራ፣ ለስኳር ፋብሪካዎችና ለያዩ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ኮንትራት ተሰጠው። ከነዚህም አንዱ ለእኛ ጎረቤት የሆነው፣ በጃዊ ያለው የጣና በለስ የስኳር ፕሮጀክት ነበር። ሸንኮራው ተተክሎ አደገ፤ ፋብሪካው ግን በጊዜው አልደረሰም፤ ሸንኮራው ጊዜው አለፈበት፤ ሥራውም በኋላ ለቻይና ኩባንያ ተላለፈ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሜቴክ ከአባይ ግድብ ሥራ እንዲወጣ ተደረገ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ድርጅቱ በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ገለጹ፤ ብዙ ኃላፊዎችም ተያዙ። ግድቡ በሌሎች ተቋራጮች እጅ አልቆ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

ይህ የሆነው ሰዎቹ ወታደሮች ስለሆኑ ወይም ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም። ምክንያቱ ሌላ ነው። አንድ ነጋዴ ሻጋታ በርበሬ ይዞ ቢወጣ ገዢው ትቶት ያልፋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደኅና በርበሬ ይዞ ለመምጣት ይገደዳል። ያለ ጨረታ ሥራ የሚሰጠው፣ ሒሳቡ በምስጢር የሚያዝ፣ ገዢውም ሻጩም መንግሥት የሆነ ድርጅት ግን ትቶት የሚያልፍ ገዢ የለውም። ጥፋቱን የሚነግረው የለምና አይማርም። የጦር ሥራ በጠባዩ ምስጢር ይፈልጋል፤ የኢንዱስትሪ ሥራ ደግሞ በጠባዩ ውድድርና ግልጽነት ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ጋጣ ማሰር ከባድ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤሚል ቤኑዋ የተባለ አሜሪካዊ 44 ታዳጊ አገሮችን አጥንቶ ለጦር ብዙ የሚያወጡት በፍጥነት ሲያድጉ አገኘሁ ብሎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ከነዚያ አገሮች ብዙዎቹ ከፍ ያለ የውጭ እርዳታ ያገኙ እንደነበር አሳዩ፤ ዕድገቱን ያመጣው እርዳታው እንጂ ጦሩ ላይሆን ይችላል። በእኛ አገር ከታየው ብንነሣ፣ በደርግ ዘመን ለጦር እጅግ ብዙ ይወጣ ነበር፤ ኤኮኖሚው ግን አዘገመ። ከ2000 እስከ 2010 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የጦር ወጪያችን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከመቶ አንድ እጅ በታች ወርዶ ነበር፤ በመንግሥት ቁጥር በፍጥነት ያደግነውም በዚያው ጊዜ ነው። ይህ ብቻውን አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ጦር ያነቃቃል ለሚለው ሰው የሚመች ቁጥር አይደለም።

ስለ ክልላችን ሳልናገር ባልፍ ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ይሆናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ነሐሴ 7 ቀን በከተማችን በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለ ሞቱት ወገኖቻችን የሒሳብ ሠንጠረዥ አይሠራም። ሒሳብ የሚሠራለትን ብቻ ብናነሣ፣ ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገድ በተዘጋ ቁጥር በርበሬና በቆሎ የጫነ መኪና ይቆማል፤ ገበሬው በርካሽ ይሸጣል፤ አዲስ አበባ ያለው በውድ ይገዛል። በመካከሉ ያለው ልዩነት ለማንም ትርፍ አልሆነም። የአንድ ዓመት ትምህርት ያለፈው ተማሪም ያን ዓመት በማንኛውም በጀት መልሶ አይገዛውም። ይህ ሁሉ ጉዳት በጦር ወጪ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ ወጪው በጀቱ ከሚያሳየው ሁልጊዜ ይበልጣል።

የጦር ወጪ ጦርነቱ ሲቆምም አያበቃም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ሲቪል ኑሮ መመለስ ነበረበት። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር በዓለም ባንክ ገንዘብ ተቋቋመ። ከፕሪቶርያው ስምምነት በኋላ ደግሞ ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ተመሠርቶ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ለዚህም 760 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያስፈልግ ተገልጿል። ለአንድ ሰው ሲካፈል ወደ 2,000 ዶላር ይደርሳል። ሥራው በትግራይ የተጀመረው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ገንዘቡም የሚጠበቀው ከመንግሥትና ከውጭ ለጋሾች ነው። አንድን ሰው ከእርሻ ነጥቆ ወታደር ለማድረግ ጥቂት ወራት ይበቃሉ፤ መልሶ ገበሬ ለማድረግ ግን ጥማድ በሬ፣ ዘርና ማዳበሪያ መግዛት ያስፈልጋል። ይህ ወጪ በ2014ቱ 90 ቢሊዮን ብር ውስጥ አልተቈጠረም ነበር።